ከመሸፈኑ በፊት

ሴራሚክ የተነጠፈበትን ክፍል የሚረከብ አሠሪ ከኪሱ የአንድ ብር ሳንቲም ያወጣል። ቁጢጥ ይልና ወለሉን ከጥግ ጀምሮ ያንኳኳል። ከሥሩ ሲሚንቶ በሚገባ የደረሰው ሴራሚክ የታፈነ ወፍራም ድምፅ ይመልሳል፤ ያልደረሰው ባዶነቱን ራሱ ይናገራል። ሠራተኛው እጁን በሱሪው እየጠረገ በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጣል። አንዳንዱ ጥፋቱን ቀድሞ ያውቃታልና ሳንቲሙ ሳይደርስባት «እሷ አንዷ ናት፤ እቀይራታለሁ» ይላል።

ይኸው አሠሪ ሴራሚኩን ሊገዛ መርካቶ የወረደ ዕለት ያየው ቀለሙን ብቻ ነበር። ባለሱቁ ካርቶኑን ከፍቶ ሁለት ሦስቱን ግድግዳ አስደግፎ ያቆምለታል፤ ፊታቸውን በጨርቅ ይወለውልለታል፤ ዋጋው ላይ ትንሽ ይከራከሩና ዕቃው ጋሪ ላይ ይወጣል። ባለሙያ አብሮት ቢሄድ ኖሮ ሌላ ነገር ያይ ነበር። ጎበዝ ሴራሚክ ሠራተኛ ሁለቱን ፊት ለፊት ገጥሞ ወደ ብርሃን ያነሳል፤ የጎበጠ ካለ በመሐላቸው ብርሃን ያልፋል። ጠርዛቸውን አጋጥሞ በጥፍሩ ይዳብሳል። ከዚያ ካርቶኖቹ ላይ የታተመውን የምርት ቁጥር ያስተያያል፤ ቁጥሩ የተለያየ እንደሆነ ቀለሙም ለዓይን የማትያዝ፣ ተነጥፋ ግን የምታስታውቅ ልዩነት ይኖረዋልና።

ለእኔ የቤት እድሳት ጥበብ የሚለየው በዚህ ነው፤ ሁለት ነገሮች በሚገናኙበት ጠርዝ። ቋሚው ከመሬት፣ ማገሩ ከጭቃው፣ ቆርቆሮው ከሚስማሩ፣ ሴራሚኩ ከበሩ መቃን። ሜዳውንማ ማንም ይሠራዋል። መከራው እነዚህ መገናኛዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሸፈኑ መሆናቸው ነው። አሠሪውና ሠሪው በርክክብ ቀን የሚጨቃጨቁት ስለ ቀለም ነው፤ ቤቱን የሚያቆመውም የሚጥለውም ቀለሙ ከመቀባቱ ከሳምንታት በፊት ተሸፍኗል።

ይህን በደንብ ለማየት ከመርካቶ የተሻለ ቦታ አላውቅም። የሚያልፍ ሰው መርካቶን በተራዎቹ ነው የሚያውቀው፤ ምናለሽ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ሚሊተሪ ተራ፣ ዱባይ ተራ እያለ። ከሱቆቹ ጀርባ ግን ሰው ይኖራል። ከአንዋር መስጊድና ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ወደ ውስጥ የሚገቡት ቅያሶች ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያሳልፉ ናቸው፤ ቤቶቹ ግድግዳ ይጋራሉ፣ ጣራቸው ተደራርቧል። ሰፈሩ ገበያ የሆነው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን የያዘው ጣሊያን፣ ጉዊዲና ቫሌ የተባሉ አርክቴክቶቹ ባወጡት ነጭና ጥቁር በለየ ፕላን፣ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ «ለአገሬው ሰው» ብሎ እዚህ ተከለው። ገበያው ሲያድግ በዙሪያው የጭቃ ቤት በጭቃ ቤት ላይ ተቀጠለ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ረከሰ፤ ቤቱም ባለቤት አጣ። ቀበሌው የሚሰበስባት ኪራይ ለጥገና አትበቃም ነበር፤ ተከራዩ ደግሞ ነገ የኔ ላይሆን ብሎ እጁን ሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ እድሳት እንዲህ ያለ ነው፤ እቁብ የደረሰው ተከራይ ፈቃድ ያወጣና ቤቱን ሳያፈርስ፣ ከነበረው ልክ ሳያልፍ፣ ጎረቤቱንም ሳይነቀንቅ ሊያድሰው ይነሳል። ሙሉ ቤት አፍርሶ መሥራት ከዚህ ይቀላል።

የጭቃ ቤት የሚሞተው ከእግሩ ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚ ደረቅ ሆኖ ከተያዘ ብዙ ዓመት ይቆማል፤ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝባት በአንዲት ስንዝር ላይ ግን እርጥበትና አየር እየተፈራረቁ ይበሉታል። ቀና ብለው ሲያዩት ግድግዳው ደህና ነው፤ እግሩ ግን አልቆ ጭቃው ነው ቋሚውን ተሸክሞ የሚያቆየው። የድሮ ሀብታም ቤት የጥድ ቋሚ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው።

እንዲህ ያለውን ቤት ሲያድን ያየሁት አንድ ሽማግሌ አናጢ አለ። መጀመሪያ ምንም አልነካም። በየቋሚው ግርጌ ጭቃውን የእጅ መዳፍ ያህል ከፍቶ በመሮው ወጋ ወጋ አደረገ፤ መሮው ያለ ተቃውሞ የገባበትን በከሰል ምልክት አደረገበት። ከዚያ አንድ ጣውላ ከላይ አግዳሚው ሥር አስገባ፤ በጣውላው ሥር የባሕር ዛፍ ድጋፍ አቆመ፤ ከድጋፉ ሥር ከጎረቤት ጋራዥ የተዋሰውን የመኪና ክሪክ አስቀመጠ። ክሪኩን ሲያዞር ዓይኑ ክሪኩ ላይ አልነበረም። ጆሮው ጣራው ላይ ነበር። ቆርቆሮው አንዴ ጠቅ ሲል እጁን አነሳ። የተነሳው የጣት ውፍረት አይሞላም፤ ቋሚው ግን ከሸክሙ ወጥቶ በእጅ የሚወዛወዝ ሆኗል።

የበሰበሰውን እግር በመጋዝ ቆረጠና አወጣ። በቦታው ቀድሞ በአርማታ ያስሞላውን መቆሚያ ቀበረ፤ ከመሬት ስንዝር ከፍ ያለ፣ መሐሉ ላይ አጭር ፌሮ የቆመበት። ፌሮው በቋሚው ሆድ ውስጥ በተበሳው ቀዳዳ ይገባል፤ ቤቱ በጎን ቢገፋ ቋሚው እንዳይንሸራተት። እዚህ ድረስ ሌላም አናጢ ያደርገው ይሆናል። ከዚህ በኋላ ያደረገውን ግን የሚያደርጉት ጥቂቶች ናቸው። የአርማታውን አናት በከሰል አሸት አሸት አደረገው፤ ቋሚውን ቀስ ብሎ አሳረፈበትና መልሶ አነሳው። በቋሚው ጫፍ ላይ ጥቁር የነካው አንድ ጎኑን ብቻ ነበር። የጠቆረውን በመሮ ላጥ አደረገና እንደገና አሳረፈ። ጫፉ ሙሉ ለሙሉ እስኪጠቁር ድረስ እንዲህ ሲያነሳና ሲያሳርፍ ቆየ። ከዚያ የተቃጠለ የመኪና ዘይት አጠጣው፤ ቱምቢውን ጥሎ ቀጥ ማለቱን አየ፤ ክሪኩን ፈታ። አጠገቡ ያለውን ቋሚ ግን በዚያ ቀን አልነካም። የዘለለው ለሌላ ቀን ነው፤ ሁለት ጎረቤታም ቋሚ በአንድ ቀን አይከፈትም።

በማግስቱ ማገሩ ታሰረ። በሦስተኛው ቀን ጭቃ ገባ። ያ ሁሉ የከሰል ሥራ ያለው አሁን ከጭቃ፣ ከልስንና ከሁለት እጅ ቀለም ጀርባ ነው። የቤቱ እመቤት ለእንግዳ የምታሳየው ቀለሙን ነው። ትክክል ናት፤ ሌላ ምን ታሳይ?

ስለ ጭቃውም ትንሽ ልበል፤ በቂ ክብር አግኝቶ አያውቅምና። መርካቶ ውስጥ ጭድ ተራ የሚባል ቦታ አለ፤ ጭድ ያን ያህል ገበያ የነበረው ዕቃ ነው። የጤፍ ጭድ ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ጭቃውን ከውስጥ አስተሳስሮ ይይዘዋል። ጭቃው በውሃና በጭድ ተረግጦ ለቀናት ይተዋል፤ ጭዱ ይበሰብሳል፣ ሽታው ይለወጣል፣ እንደገና ይረገጣል። የመጀመሪያው ምርጊት ሁለት ሰው ከውስጥና ከውጭ ቆሞ ጭቃውን ወደ ማገሩ እየመታ በመሐል የሚያገናኘው ነው። ይሰነጠቃል፤ መሰንጠቅም አለበት። ሁለተኛው እጅ ስንጥቁን ይሞላል፤ መያዣውም ራሱ ስንጥቁ ነው። ሦስተኛው ቀጭን ነው፤ ጭዱ ደቅቆ የገባበት። በየመሐሉ የሚጠበቀው መድረቅ እንጂ ቀን መቁጠር አይደለም፤ በጥቅምት ፀሐይ አንድ ሳምንት የሚበቃው በሐምሌ ወር ሳይደርቅ ሊከርም ይችላል።

ሰዉ አሁን የሚወደው ሲሚንቶ ነው። በጭቃ ግድግዳ ላይ የሲሚንቶ ልስን ማልበስ የመርካቶ ቅያሶች ትልቁ የጠብ ምንጭ ይመስለኛል። ጭቃ በእርጥበት ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ሲሚንቶ አብሮት አይንቀሳቀስም። ክረምት ወጥቶ በጋ ሲገባ ሁለቱ ይለያያሉ፣ ልስኑም እንደ እርጎ ሽፋን ተነስቶ ይወርዳል። ሥራውን የሚያውቅ ለሳኝ ግድግዳውን በመሮ ያቆስላል፣ ወንፊት ሽቦ በሚስማር ይወጥርበታል፣ ውሃ ይረጫል፣ ቀጭን የሲሚንቶ እጅ ወርውሮ ያሳድራል፤ ከዚያ ነው ፍራታሶው የሚመጣው። ሽቦው የተወጠረበትን ሥራ ካልተወጠረበት በዓይን መለየት አይቻልም፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ከዓመት በኋላ ነው። ያኔ ለሳኙ ስልክ አያነሳም። ግድግዳውን ከግርጌው በሲሚንቶ ማሸግም ሌላ ጣጣ አለው፤ የገባው እርጥበት መውጫ አጥቶ ተመልሶ ወደ ቋሚው እግር ይሄዳል። ቤቱን ያጠነከረው የመሰለው ሥራ አናጢው በከሰል ሲታገልላት የዋለችውን ስንዝር መልሶ ያበሰብሳታል።

ጣራው ላይ ሥራው የሚለየው በሚስማር ነው። ሚስማር በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ በሚሄድበት ሸለቆ ላይ አይመታም፤ ከሥሩ ጎማ ይደረግለታል፤ ጎማው ሳይጨፈለቅ መዶሻው ይቆማል። አዲስ አበባ በዓመት 1200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ስለዚህ አንዲት የተሳሳተች ሚስማር አራት ወር ሙሉ ታንጠባጥባለች። የጎረቤታሞቹ ቤቶች ጣራ በሚገናኝበት ቦታ ደግሞ አሸንዳው የጋራ ነው፤ ተዳፋቱ ወደ ማን ይውረድ የሚለው ጥያቄ ከሥራ ጥራት አልፎ የእድር ሽማግሌ ፊት ይቀርባል።

የብረት በርና መስኮት ለብቻው ጽሑፍ ይገባዋል፤ እኔ አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። በየብረት ቤቱ ደጃፍ የቆሙት የላሜራ በሮች ቀለም ተቀብተው፣ አበባ በአበባ ሆነው ይታያሉ። በያጁን ለመመዘን የሚፈልግ ሰው በሩ ከመቀባቱ በፊት ይሂድ። መጥፎ ብየዳ ላዩ የተከመረ ነው፤ ብረቱን ሳያቀልጥ ላዩ ላይ የተቀመጠ፣ በድንጋዩ ፈጭተው በስቱኮ የሚያስተካክሉት። ጥሩው ዝቅ ያለ ነው፤ እኩል እኩል እየተደራረበ የሄደ፣ ሁለቱንም ብረት የነከሰ። የማጠፊያው ጀርባ፣ የበሩ የታችኛው ጠርዝ፣ ማንም ጎንበስ ብሎ የማያየው ቦታ አንቲረስት ካገኘ በሩን የሠራው ሰው ሥራውን ያከብራል ማለት ነው። በሩ ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ከታችኛው ጠርዝ ነው።

አሁን ወደ ውሉ ልምጣ። ሠራተኛ የሚገኘው በሰው በሰው ነው፤ ካልሆነ ደላላ አለ፤ ያም ካልሆነ በማለዳ አደባባይ ዳር መጋዙንና የቀለም ሮለሩን ፊቱ አስቀምጦ የሚጠብቅ አለ። አሠሪው ሦስት ምርጫ ይቀርብለታል፤ በቀን፣ በካሬ፣ ወይም በቁርጥ። በቀን የተቀጠረ ሰው አይቸኩልም፤ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ አይቸኩልም። በካሬ የተዋዋለ ለሳኝ ሜዳውን ይወዳል፤ ማዕዘኑን፣ የመስኮቱን ከንፈር፣ የበሩን ዙሪያ ይጠላል፤ እዚያ ግማሽ ቀን ፈጅቶ በካሬ ሲሰላ የሚያገኘው ምንም ነው። ጥበቡ ያለው ጠርዙ ላይ ሆኖ ሳለ ክፍያው ያለው ሜዳው ላይ መሆኑ፣ እንደኔ አስተያየት፣ ከስንፍናም ከሌብነትም በላይ ሥራ ያበላሻል። ጠርዙን በሜትር ለይቶ የሚከፍል አሠሪ አጋጥሞኝ ያውቃል፤ ሠራተኞቹ መጀመሪያ ሳቁበት፣ ኋላ ማዕዘኖቹን እያዩ ይኩራሩ ጀመር። በቁርጥ የያዘው ደግሞ የሚያተርፈው ከጊዜ ነው፤ ጊዜ ደግሞ ከመድረቂያው ቀን ላይ ነው የሚቀነሰው።

የመድረቂያ ቀን ቀማኛው ብዙ ጊዜ በዓል ነው። ክረምቱ ሲወጣ ሁሉም ሰው ቤቱን ለእንቁጣጣሽ ወይም ለመስቀል ሊያደርስ ይሻል፤ ከመርካቶ ነጋዴ ብዙው ለመስቀል ጉራጌ አገር ይገባል፣ ከመሄዱ በፊትም ሒሳብ መዝጋት ይፈልጋል። የእርጥቡ ወር ሥራ እንዲህ ተጣድፎ ያልቃል።

ከእነዚህ ጥድፊያዎች የተወለደ አንድ ጠብ ሲዳኝ ተገኝቻለሁ። ልስኑ ሦስት ወር ሳይሞላው ተሰነጥቋል። ሴትዮዋ ቀሪውን ሒሳብ ይዛለች፤ ወጣቱ ለሳኝ ይጠይቃል። በሰፈሩ ልማድ እሷ አንድ ሰው መረጠች፣ እሱ አንድ ሰው መረጠ፤ ሁለቱ ተስማምተው ሦስተኛ ጠሩ፣ በእርጅና ሥራውን የተወ ግንበኛ። ሁሉም ጋሼ ይሉታል።

«ሲሚንቶውን የገዙት እርስዎ ነዎት፣ እትዬ» አለ ወጣቱ።

«ሲሚንቶውን እኔ ገዛሁ፤ እጁ ግን ያንተ ነው» አለች።

ጋሼ ለሁለቱም አልመለሰም። ስንጥቁን በጥፍሩ ተከተለ። መሐል ግድግዳው ላይ ያለው እንደ ፀጉር የቀጠነና በሁሉም አቅጣጫ የተበተነ ነበር። ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ ወደ ኮርኒሱ የወጣው ሌላኛው ግን አንድና ጥልቅ ነው። «እነዚህ ሁለቱ ዘመድ አይደሉም» አለ። ከዚያ ስለ ሲሚንቶው ሳይሆን ስለ ውሃ ጠየቀ። ልስኑን ማን ያጠጣው ነበር?

ዝም ተባለ። ለሳኙ ግማሹን ተከፍሎት ወደ ሌላ ሥራ ሄዷል፤ ለሴትዮዋ ማንም አጠጪ አላላትም፤ ውሃው ደግሞ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ የመጣውም ለቤት አልበቃ። አዲስ ልስን ቀስ ብሎ ካልደረቀ ላዩ ቀድሞ ይሸበሸባል፤ የፀጉሩ ስንጥቅ የመጣው ከዚያ ነው። የመስኮቱ ጥግ ስንጥቅ ግን የልስን ጉዳይ አልነበረም። በመስኮቱ አናት ላይ ያለው የድሮ እንጨት ጫፉ ግድግዳው ላይ በቂ መቀመጫ ስላልነበረው ተንቀሳቅሷል።

ከፍርዱ በፊት ጋሼ ቤቱን ዞረው። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ። አውራ ጣቱን በማዕዘኑ ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች አስኬደው፤ መዝጊያው አጠገብ ሲደርስ ሳያቋርጥ ወለሉ ድረስ ወረደ። እኔም ከኋላው ሄጄ ነካሁት፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ሹል መስመር፣ እጅ የማይቆርጥ፣ ስኳድራ ቢያስጠጉበት የማያፍር።

«ይህን ማነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ይህን የሠራ እጅ ያኛውን ግድግዳ ምን ነክቶት እንዲያ ሠራው?»

ወጣቱ ትንሽ አቀረቀረና «ያኛው የዋዜማው ነው» አለ።

ፍርዱ አጭር ነበር። የፀጉሩን ስንጥቅ ለሳኙ ያለ እጅ ዋጋ ደግሞ ይለስነዋል፤ ሲሚንቶና አሸዋ ከእሷ፤ ማጠጣቱ ሰባት ቀን፣ ከእሱ። የመስኮቱ ጥግ ከሁለቱም ጥፋት አይቆጠርም፤ ተከፍቶ እንጨቱ ይቀየራል፣ ለዚያ አናጢ ይጠራል፣ ዋጋው የቤቱ ነው። ቀሪው ሒሳብ ሥራው ሲደርቅ ይከፈላል። እኔን የገረመኝ የፍርዱ ሚዛናዊነት ሳይሆን ጋሼ ከፍርዱ በፊት ለጥሩው ማዕዘን ጊዜ መስጠቱ ነው። ማዕዘኑን ካየ በኋላ «ሙያ የለውም» የሚለው ክስ ከጠረጴዛው ተነሳ፤ የቀረው «ጊዜ አልነበረውም» የሚለው ነው፣ እሱ ደግሞ የሁለቱም ዕዳ ነው።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ሕግ አልጠፋም። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039፣ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ለሥራው በሚገባ መሠራትና ለጽኑነቱ ከርክክቡ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው ይላል፤ ዘመኑን የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃልም ዋጋ የለውም። አሥር ዓመቱ ከፈረንሳይ የመጣ ነው፤ የ1804ቱ የናፖሊዮን ሕግ ለግንበኛና ለአርክቴክት የሰጠው ዘመን ያው ነው። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ከ3700 ዓመት በፊት፣ የባቢሎኑ ሐሙራቢ ሕግ፣ የሠራው ቤት ወድቆ ባለቤቱን የገደለበትን ግንበኛ በሞት ይቀጣ ነበር። ሁሉም ሕጎች የሚያዩት የወደቀውን ወይም የተበላሸውን ነው። ቀብድ ተቀብሎ በቃል የተዋዋለን፣ አድራሻው ስልክ ቁጥር ብቻ የሆነን ለሳኝ ለአሥር ዓመት ዋስ ነህ ማለት ግን ወረቀት ላይ ያምራል፤ አድራሻው ከጠፋ ዋስትናውም አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ የውሉ ጉልበት መዋል ያለበት በሽፋኑ ቀን ላይ ይመስለኛል። ትልልቆቹ ግንባታዎች አርማታ ከመሞላቱ በፊት መሐንዲሱ ፌሮውን ቆጥሮ ካልፈረመ አይሞሉም። አንድ ክፍል ቤትም ይህን ልታደርግ ትችላለች። ቋሚው ተቀይሮ ማገሩ ሳይታሰር፣ ሽቦው ተወጥሮ ልስኑ ሳይጣል፣ የመብራቱ ቱቦ ገብቶ ግድግዳው ሳይደፈን፣ የመታጠቢያው ተዳፋት ወጥቶ ሴራሚኩ ሳይነጠፍ አሠሪው መጥቶ ያያል፤ አይቶም የዚያን ድርሻ ይከፍላል። ተዳፋቱን ለማየት መሐንዲስ አያስፈልግም፤ አንድ ባልዲ ውሃ ያፈሱና ወዴት እንደሚሄድ ያያሉ። ቀብዱ ትንሽ፣ የመጨረሻው ክፍያ ትንሽ፣ መሐሉ ብዙ። በአሁኑ ጊዜ ወጣቶቹ ቧንቧ ሠራተኞች ሳይነገራቸው ቱቦው ሳይደፈን በስልካቸው ፎቶ አንስተው ለአሠሪው ይልካሉ፤ ከሙግት መጠበቂያ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግድግዳው ላይ ሚስማር መምታት ለፈለገም ቱቦው የት እንደሄደ ያሳየዋል።

ሽማግሌው አናጢ ስልክ አልነበረውም፤ ማለትም ካሜራ ያለው አልነበረውም። የዚያ ቤት እመቤት ከሱቅ እስክትመለስ ድረስ ቋሚዎቹን ክፍት ትቶ ቁጭ ብሎ ቡና ጠጣ። ስትመጣ አንድ በአንድ አሳያት፤ የጠቆረውን የቋሚ ጫፍ ግን ምን እንደሆነ አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀች። ያ የመጠበቂያ ግማሽ ቀን በሒሳቡ ላይ ተጽፎ ሲመጣ ቅር አላትና ልትቀንስ ሞከረች። እኔ ብሆን እሱን አስቀድሜ እከፍል ነበር፤ ዋጋ መከራከር ካስፈለገ ቀለሙ ላይ መከራከር ይቻላል።